ፏፏቴ ለጠየቃችሁኝ፦ ከድሬዳዋ ጀልዴሳና ሐረር የአንድ ቀን መንገድ

(በምሩቃን መገናኛ በዓላችን የእራት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)

ሙቀቱን ታግሳችሁ እዚህ በመቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የደጋ ሰዎች ገና ከአሁኑ በፕሮግራም ወረቀቱ ማራገብ እንደጀመራችሁ እያየሁ ነው። አይዟችሁ፣ ነገ ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ አጭር ነው፤ "ለጉብኝቱ ቀን የት እንሂድ?" የሚል። በዓላችን ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ መልሱ አያስቸግርም ነበር። ጠዋት ጢስ ዓባይ፣ ከዚያ መኪና ተከራይቶ ወደ ጎንደር፣ ፋሲል ግንብ አካባቢ ፎቶ፣ አለቀ። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ የቀዶ ሕክምና ሰው ነው፣ ከሳምንት በፊት ደውሎ "አቦ፣ እዚያ አገር ፏፏቴ አለ ወይስ የለም?" አለኝ።

የለም። ይህን ቶሎ ብናውቀው ይሻላል። ደግሞ ጢስ ዓባይም ቢሆን ሁልጊዜ ጢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 የተሠሩት ሁለቱ የኃይል ማመንጫዎች ከውሃው ብዙውን ስለሚወስዱት በበጋ ሄዶ ቀጭን ነጭ ክር ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ውሃ ማለት ሥራ ያለበት ነገር ነው፤ ለጎብኚ ብቻ አይፈስም።

እኔ የማቀርብላችሁ ሌላ ቀን ነው። ባለፈው ኅዳር ከሁለት የክፍል ጓደኞቻችን ጋር አንድ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይተን፣ ሶማሊኛም ኦሮምኛም የሚናገር አንድ ወጣት አስጎብኚ ይዘን ጠዋት ጀልዴሳ፣ ከሰዓት በኋላ ሐረር ሄደን ማታ ተመልሰናል። እዚህ ከተማ የምትሠሩ ሐኪሞች ጀልዴሳ የሚለውን ስም በሪፈር ወረቀት ላይ ታውቁታላችሁ። የድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ክላስተሮች ጀልዴሳ፣ ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂልና ቃሊቻ ሲባሉ፣ አንዷ ይህች ናት። ቃሉ በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት ነው። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግረን ሹፌሩ "ታዲያ ዝንጀሮው የት ሄደ?" አለው። ልጁም "ባቡሩን ተከትሎ ሄዷል" ብሎ መለሰ። ቀልድ ነው፤ ግን የከተማዋን ታሪክ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሳትኖር ከባሕር ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ከዘይላ ተነስቶ በረሃውን በግመል ይሻገርና ጀልዴሳ ይደርስ ነበር። ጀልዴሳ ውሃ አለ፤ ከጀልዴሳ በኋላ ደግሞ ተራራው ይጀምራል። ግመል ተራራውን አይወደውም። ስለዚህ ጭነቱ እዚያ ይራገፋል፤ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራል፤ ቀረጥ ይከፈላል፤ ሰው ያድራል። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች፤ ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ። ጀልዴሳን የያዘ የሐረርን በር ያዘ ማለት ነው። ግብጾች ሐረርን እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 በያዙባቸው ዓመታት እዚያ ጦር አስቀምጠው ነበር። እነሱ ከወጡ በኋላ በ1886 የካውንት ፖሮ የጣሊያን ቡድን በዚሁ አካባቢ ተገደለ። በዓመቱ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሸንፈው ሐረር ገቡ።

ቀጥሎ ባቡር መጣ። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ አስቸጋሪና ውድ ሆነ፤ ስለዚህ በቆላው አልፎ በ1902 ዛሬ የተቀመጥንበት ቦታ ደረሰ። ከተማይቱም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ጀልዴሳን የገደላት ጦርነት አይደለም፤ በሽታም አይደለም። መንገዱ በሌላ በኩል አለፈ፣ በቃ። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ጀልዴሳ ከንግድ ካርታ ላይ ወጥታ ነበር። ለድሬ ልጆች ደግሞ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። ለገሃር ዙሪያ የአሮጌውን ባቡር ፉጨት እየጠበቀ ሻይ የሚሸጥ ሰው የጀልዴሳን ታሪክ ሳያነብ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። በዚህ መንገድ ላይ በጽሑፍ ከቀሩልን የሕመምተኛ ጉዞዎች አንዱ የአርተር ራምቦ ነው። ሐረር ያለውን የራምቦ ቤት ታውቁታላችሁ። ግጥሙን ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች እንተወውና እንደ ኬዝ እንየው። ዕድሜ 36፣ ነጋዴ፣ የቀኝ ጉልበት እብጠትና ሕመም፣ እየባሰ የሄደ፣ መራመድ አልቻለም። በአካባቢው የሚያክመው የለም። ራሱ ያሠራው በሸራ የተሸፈነ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ 16 ተሸካሚ ቀጥሮ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1891 ከሐረር ወጣ። ቁልቁለቱን ወርዶ በጀልዴሳ አልፎ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ 12 ቀን ገደማ ፈጅቶበት ዘይላ ደረሰ። ከዚያ ኤደን፣ ከዚያ ማርሴይ። በግንቦት ወር መጨረሻ እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ብዙዎች የአጥንት ካንሰር ነበር ይላሉ።

አስጎብኚያችን ይህን የነገረን ደረቁ ወንዝ ዳር ቆመን ነው። የታወቀ ሰው ስለሆነ ጉዞው ተጻፈ። ስማቸው ያልተጻፈ ስንት ሰዎች በዚሁ አሸዋ ላይ በቃሬዛ አልፈው ይሆን? ቃሬዛው ደግሞ ሙዚየም አልገባም። በገጠራችን ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ጀልዴሳ ውስጥ ግንብ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። እኛ ያየነው ሰው ነው። አንድ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፤ ሰላምታ ሰጥተን ቁጭ አልን፣ ሻይ መጣ። አስጎብኚው ሐኪሞች መሆናችንን ሲናገር አንድ አባት ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ የቀጠሮ ካርድ አውጥተው ሰጡኝ። የደም ግፊት ክትትል ነው። የየት እንደሆነ አልናገርም፤ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። "ልጄ" አሉኝ በአስተርጓሚ፣ "ቀኑን ማን ነው የሚመርጠው?" ቀጠሯቸው የዋለው መኪና በማይመጣበት ቀን ነበር። በገበያ ቀን ቢሆን ከሰውና ከፍየል ጋር ተጭነው ይሄዳሉ። በሌላ ቀን ግን ወይ በእግር፣ ወይ ለሞተር ብዙ ብር፣ ወይ መቅረት ነው። በእኛ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ደግሞ "ክትትል ያቋረጠ" የሚል ነው።

ሻዩን ሳንጨርስ ሦስታችንም ዝም አልን። ሦስቱን መዘግየቶች ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን፦ ለመወሰን፣ ለመድረስ፣ ሕክምናውን ለማግኘት። ሁለተኛውን በስላይድ ላይ ሰባት መስመር እናደርገዋለን። እዚያ ግን ሁለተኛው መዘግየት ከፊታችን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ከዚያን ቀን ወዲህ በተመላላሽ ክፍሌ አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፦ "እናንተ ጋ መኪና የሚመጣው በስንት ቀን ነው?" ቀጠሮው በዚያው ቀን ይሆናል። ወጪ የለውም፤ ስብሰባም አይፈልግም።

ስለ ውሃ ቃል ገብቻለሁና ልመለስበት። ከጀልዴሳ ስንመለስ የተሻገርናቸው ወንዞች ሁሉ አሸዋ ነበሩ። ግን ደጋው ላይ ሲዘንብ እነዚህ አሸዋዎች ይነሳሉ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ከተማዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። እንግዲህ በክረምት ምጥ የያዛት እናት ከወንዙ ማዶ ከሆነች፣ አምቡላንሱ ነዳጅ ቢኖረውም ሹፌሩ ቢነቃም፣ ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ አለ።

ውሃ ሲጠፋም ሌላ ጣጣ አለው። ድሬ በበርሜልና በሮቶ ውሃ የሚያጠራቅም ሕዝብ ነው፤ ለትንኝ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አየን። በ2022 ደግሞ ወባ በማይጠበቅበት በበጋ ወቅት ተነሳ። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ ትንኝ ናት። በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪደሃር ተገኘች። በከተማ ትኖራለች፣ በበርሜል ትራባለች። ድሮ በባሕር በኩል ጨርቅና ጠመንጃ ይመጣ ነበር፤ የንግድ መንገድ ዛሬም የሚያመጣውን አይመርጥም።

ከሰዓት በኋላ ደንገጎን ወጥተን ወደ ሐረር ስንሄድ የሐሮማያን ሐይቅ አለፍን። ሐረር ውሃዋን የምትጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ደረቀ፤ አሁን ከፊሉ ተመልሷል። ሐረር ግን ዛሬ ውሃ የሚመጣላት በድሬ በኩል ካለው ቆላ ከጉድጓድ ተስቦ በፓምፕ ተራራውን ሽቅብ እየወጣ ነው። ፏፏቴ ለጠየቅኸኝ ወንድሜ፣ ይኸውልህ፤ የኛ ፏፏቴ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ጁገልን አላስተዋውቃችሁም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ነው፣ ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጠዋት ጀልዴሳን አይቶ ማታ ሐረር የሚገባ ሰው በሩን የሚያየው እንደ ጥንቱ መንገደኛ ነው። ከበሩ ውስጥ ያለው ሀብት ሁሉ በዚያ አሸዋ ላይ አልፎ እንደመጣ ይገባዋል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ የጉብኝት ቀናችን በዚህ መንገድ ይሁን። ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀልዴሳ አትራራም። በቂ ውሃ ይያዝ። አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ ይሁን፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ሳትከራከሩ ክፈሉ። እነዚያ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ታሪክ ያን ልጅ ካልሆነ ማን ይሰማቸዋል? እሱም እንጀራ ካላገኘበት ትቶት ይሄዳል።

ሁለተኛው ለመምህሮቻችን ነው። አንድ ኢንተርን ከመመረቁ በፊት ሪፈር ከሚጻፍባቸው ቦታዎች አንዱን ለአንድ ቀን ይይ። ለክትባት ዘመቻ አይደለም፣ ለጥናት መጠይቅም አይደለም። መንገዱን ሄዶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ "መኪና መቼ ይመጣል?" ብሎ ጠይቆ ይመለስ። የትራንስፖርቱን ወጪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ማኅበራችን ቢሸፍን፣ እኔ የመጀመሪያዋን መኪና ኪራይ እከፍላለሁ። ይህን ስል ባለቤቴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

ጉባኤው ነገ ከሰዓት በኋላ ነው። ድምጽ የምትሰጡ እጃችሁን ከፍ አድርጉ፤ በሙቀት ከመጣው እንቅልፍ ጋር እንዳንሳሳት።