ከገበሬ ቤት እስከ ትምህርት ቤት፦ የኩኩ ሰዓት ታሪክና ጥበብ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ቤት ይመስላል። በየሰዓቱ ከጣሪያው ሥር ያለችው በር ትከፈትና አንዲት ወፍ ብቅ ብላ «ኩኩ» እያለች ሰዓቱን ትቆጥራለች። የወፊቱ ስም ከድምፅዋ የወጣ ስለሆነ እኔም «የኩኩ ሰዓት» እለዋለሁ። ይህ ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተሞልቶ እዚህ ቢሰቀል፣ እኛ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በምንልበት ጊዜ ወፊቱ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ትጮኻለች። ዓይናችን ዐሥራ ሁለትን አይቶ ስድስት ብሎ ማንበብን ለምዷል፤ ጆሯችን ግን አልለመደም። ዕቃ የተሠራበትን አገር ልማድ ይዞ ይመጣልና፣ ሰዓቱን ለመረዳት አስቀድመን አገሩን እንይ።

አገሩ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የሚገኘው «ጥቁር ጫካ» የተባለው ደጋ ነው። በብዙው የዚያ አካባቢ ልማድ የእርሻው መሬት ሳይከፋፈል ለአንድ ልጅ ይተላለፍ ነበር። የቀሩት ልጆች ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ነበረባቸው። በረዶው ምድሩን በሚሸፍንባቸው ወራትም እርሻ የለም። እንጨት ግን ሞልቷል። ከ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እነዚህ ቤተሰቦች መንኮራኩሩ ሳይቀር ከእንጨት የሆነ ሰዓት መሥራት ያዙ። ጥበቡን የወለደው የመሬት ጥበትና የሥራ ፈትነት ወራት ነው ማለት ይቻላል።

የኩኩ ሰዓትን ማን ፈጠረው? በተለምዶ የሚጠራው ስም የሾንቫልዱ ፍራንዝ አንቶን ኬተረር ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ ገደማ ይባላል። የታሪክ አጥኚዎች ግን ይህን ይጠራጠራሉ። ፊሊፕ ሃይንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1629 በድሬስደን ቤተ መንግሥት እንደ ኩኩ የሚጮኽ ሰዓት መኖሩን ጽፏል። አታናሲየስ ኪርሸርም እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው የሙዚቃ መጽሐፍ የመካኒካል ኩኩን አሠራር ገልጿል። እንግዲህ ሐሳቡ አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው። የጥቁር ጫካ ሰዎች ድርሻ በመኳንንት አዳራሽ የነበረውን መጫወቻ ተራ ሰው ሊገዛው በሚችል የእንጨት ሰዓት ውስጥ ማስገባታቸው ነው። በእኔ እምነት ይህ ከፈጠራ አያንስም።

አሠራሩን እንመልከት። በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ሁለት ክብደቶች አሉ። አንዱ የሰዓቱን ጉዞ፣ ሌላው የወፊቱን ጩኸት ያንቀሳቅሳል። ክብደቶቹ ቀስ እያሉ ሲወርዱ መንኮራኩሮቹን ይጎትታሉ፤ የፔንዱለሙ ውዝዋዜ ደግሞ ጉዞውን ይቆጣጠራል። ክብደቶቹ ወለል አጠገብ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ተስቦ ወደ ላይ ይመለሳሉ፤ ይህም እንደ ሰዓቱ ዓይነት በቀን ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ ይደረጋል። ሰዓቱ ሲሞላ ሁለት ትንንሽ ወናፎች ተራ በተራ ተነሥተው ይወድቃሉ። እያንዳንዳቸው አየሩን ወደ አንድ የእንጨት ዋሽንት ይገፉታል። መጀመሪያ ቀጭኑ፣ ቀጥሎ ወፍራሙ ድምፅ ይሰማል፤ «ኩ» እና «ኩ»። «ወናፍ» የሚለውን ቃል የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው። የአገራችን ቀጥቃጭ ፍሙን የሚያናፋበት መሣሪያ፣ በመጠን አንሶ፣ ይህችን ወፍ ያስጮኻታል።

አንድ ሰዓት የአንድ እጅ ሥራ አልነበረም። አንዱ ቤት ሣጥኑን፣ ሌላው መንኮራኩሩን፣ ሦስተኛው የሰዓቱን ገጽ ሥዕል ይሠራ ነበር። ከዚያ ነጋዴዎች ሰዓቶቹን በጀርባቸው ተሸክመው እስከ ሩሲያና እስከ ቱርክ ይወስዷቸው ነበር።

ከ1840ዎቹ ጀምሮ ግን አደጋ መጣ። በአሜሪካ ፋብሪካዎች ከናስ ዝርግ እየተቆረጡ የሚሠሩ ርካሽ ሰዓቶች ገበያውን አጥለቀለቁት። የባደን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1850 በፉርትቫንገን የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሮበርት ጌርቪግ የመንገድና የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ነበር። በዚያው ዓመት ለአዲስ የሰዓት ቅርጽ ውድድር አወጀ። አርክቴክቱ ፍሪድሪኽ አይዘንሎር የሐዲድ ጠባቂን ቤት የሚመስል ንድፍ አቀረበ። ቀራጮች ቅጠልና የዱር እንስሳት ጨመሩበት፤ በ1860ዎቹ ደግሞ የአይዘንባኹ ዮሐን ባፕቲስት ቤሃ በአጥንት እጆችና በጥድ ፍሬ ቅርጽ በተሠሩ ክብደቶች አስጌጠው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የኩኩ ሰዓት ይህ ነው። ብዙዎች ጥንታዊ የሚሉት መልክ ከውድድርና ከትምህርት ቤት የተገኘ መሆኑን ልብ በሉ።

ትምህርት ቤቱ ሁሉንም አዳነ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1861 በሽራምበርግ የተመሠረተው ዩንግሃንስ የአሜሪካኑን ዘዴ ተቀብሎ አደገ፤ የብዙ ቤተሰቦች የቤት ውስጥ ሥራም ለፋብሪካ ቦታ ለቀቀ። የኩኩ ሰዓት ግን በርካሽነት መወዳደሩን ትቶ ፋብሪካ በቀላሉ ሊመስለው በማይችለው ቅርጽ ቆመ። ጌርቪግ ለትምህርት መርጃ ያሰባሰባቸው አሮጌ ሰዓቶች ዛሬ የጀርመን የሰዓት ሙዚየም መነሻ ሆነዋል። ሙዚየሙ የሚተዳደረው በፉርትቫንገን የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሲሆን፣ ተቋሙም ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያው የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት ነው።

ይህን ሁሉ በሐዋሳ የምናገረው ለምንድን ነው? እኛ የእጅ ጥበብ አላጣንም፤ ያጣነው ለጥበበኛው የሚገባውን ክብር ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን በስድብ ስም ስንጠራ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ግን አዋጁን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል።

ከዚህ ከተማ ወደ ሲዳማ ደጋ የወጣ ሰው ከቀርከሃ የተሠራውን የሲዳማ ባህላዊ ቤት ያውቀዋል። ደጋው መሬቱ ጠባብ፣ ወጣቱ ብዙ፣ ቀርከሃው ቅርብ ነው። የጥቁር ጫካ ታሪክ የተጀመረው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው። በዚያ የነበረውና እዚህ እምብዛም የማላየው፣ የተማረው ሰው ወደ ሠሪው ደጅ መሄዱ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን በወንዶ ገነት ስለ ደንና ስለ እንጨት የሚያስተምር ኮሌጅ፣ በዚህ ከተማም የምህንድስና ትምህርት አለው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከመመረቂያ ሥራዎቻችሁ መካከል ጥቂቶቹ የአንድ ቀርከሃ ሠሪን መሣሪያ፣ የሥራ ቅደም ተከተልና የሥራ ቃላት የሚመዘግቡ ይሁኑ። መምህራንም ጌርቪግ እንዳደረገው ከሠሪዎቹ ጋር የንድፍ ውድድር አዘጋጁ። ሠሪውም የተጠኚነት ብቻ ሳይሆን የዳኝነት ወንበር ይኑረው።