የአዋሽ ወንዝና የሰው ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ ከቤተ መቅደስ የሚወጣ ውኃ አየ። ውኃው አስቀድሞ እስከ ቁርጭምጭሚት፥ ቀጥሎ እስከ ጕልበት፥ ከዚያም እስከ ወገብ ደረሰ፤ በመጨረሻም ሰው የማይሻገረው ወንዝ ሆነ። በደረሰበት ሁሉ ሕይወትን ሰጠ፤ ረግረጉ ግን አልተፈወሰም፥ ለጨው ተተወ። ይህን የሚመስል ትምህርት በሀገራችን ምድር ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም አዋሽ ነው።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በግንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ይነሣል። በዚያ ቀጭንና ንጹሕ ነው፤ እረኛ ይዘለዋል። በበቾ ሜዳ ሲያልፍ ጭቃ ይቀላቀለዋል። ወደ ቆቃ ሲቃረብ ደግሞ አቃቂ የከተማችንን እድፍ ተሸክሞ ይገባበታል። ከቆቃ ግድብ በታች የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል፤ በአፋር ምድርም ጥጡን ያለመልማል፥ መንጋውን ያረካል። ከሰምና ሚሌ ቢጨመሩበትም፥ ፀሐይና እርሻ ስለሚካፈሉት በቆላው እየቀነሰ ይሄዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

ከአቤ በፊት የገመሪ ሐይቅ አለ። ሁለቱም አዋሽን ይቀበላሉ። ገመሪ የተቀበለውን ወደ ፊት ያሳልፋልና ውኃው ጣፋጭ ነው፥ ዓሣም ይኖርበታል። አቤ ግን መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ውኃውን ስትወስድ ጨው ይቀርበታል፤ ስለዚህ መራራ ሆነ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ እኛም በአርባና በሰማንያ ቀን ከጥምቀት ምንጭ ንጹሓን ሆነን ወጥተናል። ዛሬ ግን ምን ተቀላቅሎብናል? ክፉ ባልንጀራ፥ ሐሜትና ቂም እንደ አቃቂ ገብተውብን ይሆናል። የተሰጠንንስ ገንዘብና እውቀት እንደ ገመሪ እናሳልፋለን? ወይስ እንደ አቤ ይዘን እንመርራለን?

በቆሎ ተማሪነቴ ጊዜ የኔታ ውኃ ሲልኩን፥ «ከመቅጃው በላይ እግራችሁን አትታጠቡ፤ ከበታች የሚጠጣ ሰው አለ» ይሉን ነበር። በልጅነቴ ተራ ትእዛዝ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ፍቅረ ቢጽ እንደ ሆነ አስተዋልሁ። በከተማ ያለ ሰው ቆሻሻውን ወደ ወንዝ ሲጥል ከዓይኑ ይሰወርለታል፤ ነገር ግን አልጠፋም፤ በታች ላለች እናት እንስራ ወርዷል። ኃጢአትም እንዲሁ ነው፤ ሠሪው ይረሳዋል፥ ልጆቹና ጎረቤቶቹ ግን ይጠጡታል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በወንዝ ዳር ያለህ ሁሉ እጅህን ሰብስብ፤ ከበታችህ ያለው ወንድምህ ነውና።

ወንዝ አንድ ነገር ተነሥቶታል፤ ወደ ምንጩ መመለስ አይችልም፥ የተቀላቀለበትንም ራሱ አይመርጥም። ሰው ግን ይመርጣል፤ ደግሞም ይመለሳል። ሕይወቱ ወደ ቆላ የወረደ ሽማግሌ እንኳ በዚህች ሌሊት በንስሐ ከምንጩ ሊቆም ይችላል። የንስሐ አባትህ ቤት ሩቅ አይደለም፤ አትዘግይ።

የሕይወት ውኃ የሆነ ጌታችን እድፋችንን ያጥራልን፤ ለሌላው የምንተርፍ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።