የራጋ ጃንግል ዘፈኖች ስብስብና የከበሮው ባለቤት
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ስለ ሆናችሁ፥ መዝገብ ቤት ማለት ምን እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። አንድ ወረቀት ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ወደ ፋይሉ ካልገባ፥ ጸሐፊው የቱንም ያህል ቢደክምበት እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ዛሬ የምናገረው ስለ ሙዚቃ ነው፤ ነገሩ ግን ከመዝገብ ቤት እምብዛም የራቀ አይደለምና ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ2007 ዓ.ም. ሶል ጃዝ የተባለው የለንደን ሸክላ አሳታሚ «ራምብል ኢን ዘ ጃንግል» የሚል ስም የሰጠውን አንድ የዘፈን ስብስብ አወጣ። ስብስቡ በእንግሊዝ አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተወለደውን፥ ራጋ ጃንግል የሚባለውን ሙዚቃ የሚያሳይ ነው። «ጃንግል» ጫካ ማለት ነው፤ «ራጋ» የሚለውም «ራጋማፊን» ከሚለው ቃል ያጠረ ሲሆን፥ ልብሱ የተቀዳደደ የመንደር ዱርዬ እንደ ማለት ነው። ዘፋኞቹ ይህን የስድብ ስም ወስደው የማዕርግ ስም አደረጉት።

ይህን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሁለት ሸክላዎች ባንድነት የሚዞሩ ይመስለዋል። ከበሮው በደቂቃ 160 ያህል ምት እየመታ ይጋልባል፤ ከሥሩ ያለው ወፍራም የቤዝ ድምፅ ግን በግማሹ ፍጥነት፥ ዝግ ብሎ እንደ ሬጌ ይራመዳል። በሁለቱ መካከል በጃማይካ አነጋገር አንድ ሰው ይፎክራል። ይፎክራል ያልሁት አውቄ ነው። ቃሉን በቃል ላይ እየደራረበ፥ ራሱን እያሞገሠና ባላንጣውን እየዘለፈ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ የእኛን ፉከራ የሚያውቅ ጆሮ ፈጥኖ ይለምደዋል። እኔ ራሴ ግን መጀመሪያ በሰማሁት ጊዜ ጫጫታ ነው ብዬ ዘግቼው ነበር።

ፉካሬው ወደ ለንደን የመጣው በሰው ጓዝ ውስጥ ነው። ከ1948 ዓ.ም. ወዲህ ከጃማይካና ከሌሎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ብዙ ሕዝብ ወደ እንግሊዝ አገር ሲፈልስ፥ «ሳውንድ ሲስተም» የሚባለውን ልማድ ይዞ ሄደ። ይኸውም ቁም ሣጥን የሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎችን ወደ አዳራሽ አግዞ ሸክላ ማጫወት፥ ከሸክላውም ላይ በቃል እየፈጠሩ መናገር ነው። ራጋ ትዊንስ የተባሉት ሁለት ወንድማማቾች በምሥራቅ ለንደን በሃክኒ በዚህ ሙያ ያደጉ ናቸው። በ1991 ዓ.ም. ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ሬጌ የገንዘቤ ባለዕዳ ነው» ማለት ነው። ርእሱ ብቻውን አቤቱታ ይመስላል።

እንዲህ ያሉት ዘፈኖች በሱቅ ከመሸጣቸው አስቀድሞ የሚሰሙት ፈቃድ በሌላቸው ራዲዮኖች ነበር። ከነዚህም አንዱ በ1991 ዓ.ም. ከሃክኒ መሰማት የጀመረው ኩል ኤፍ ኤም ነው። ወጣቶች በረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ጣራ ላይ አንቴና ይተክላሉ፤ የመንግሥት ሠራተኞች መጥተው ይነቅላሉ፤ ወጣቶቹም መልሰው ይተክላሉ። (በመንግሥት ራዲዮ ፊት ተቀምጬ የሕገ ወጥ ራዲዮን ታሪክ ማውራቴ ያስቃችሁ ይሆናል።) ሸክላውም ቢሆን «ደብፕሌት» የሚባለው፥ በአሉሚኒየም ላይ ስስ ላኬር ተቀብቶ ላንድ አጫዋች ብቻ የሚቀረጽ ነበር። መርፌው በተመላለሰበት ቍጥር ላኬሩ ስለሚበላ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል። በ1994 ዓ.ም. የኤም ቢትና የጄኔራል ሊቪ «ኢንክሬዲብል» በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ 8ኛ እስኪወጣ ድረስ፥ ከዚያ ሰፈር ውጭ ይህን ሁሉ በቁም ነገር የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነበር። እንግዲህ እንዲህ ተበትኖ የኖረን ነገር ሰብስቦ፥ ዘፋኙንና አቀናባሪውን በስሙ እየጠሩ ማሳተም ትልቅ ሥራ ነው። ያው አሳታሚ በ2008 ዓ.ም. የራጋ ትዊንስን የመጀመሪያ ዘፈኖች ለብቻቸው ሰብስቦ ማውጣቱም የሚያስመሰግነው ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ስም መግባቱ አይቀርም። ከዚህ ሙዚቃ ቀደምት ሰዎች አንዱ የሆነው ሬቤል ኤም ሲ፥ ኋላም ኮንጎ ናቲ የተባለው የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ፥ ዘፈኖቹን ካወጣባቸው ስሞች አንዱ «ኮንከሪንግ ላየን» ነው፤ ሞዓ አንበሳ ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1966 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ በአውሮፕላን ማረፊያው የጎረፈውን ሕዝብ የሚያስታውስ፥ ይህ ስም በየት በኩል ዞሮ ለንደን እንደ ደረሰ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ያ የሚጋልበው ከበሮ የማን ነው? በእጅግ ብዙ የጃንግል ዘፈኖች ውስጥ የሚሰማው ከበሮ በለንደን የተመታ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ዊንስተንስ የተባለ የዋሽንግተን ከተማ የሙዚቃ ጓድ «አሜን፥ ብራዘር» የሚል ያለ ግጥም የሚጫወት ሙዚቃ አሳተመ። እርሱም «ከለር ሂም ፋዘር» የተባለው የታወቀ ዘፈናቸው የወጣበት ሸክላ ጀርባ መሙያ ነበር። በመካከሉ ሌሎቹ መሣሪያዎች ዝም ሲሉ፥ ከበሮ መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ለሰባት ሴኮንድ ያህል ብቻውን ይመታል። ይህ ቁራጭ ለብዙ ዓመት የሚያስታውሰው አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. «አልቲሜት ብሬክስ ኤንድ ቢትስ» በተባለ ስብስብ ገብቶ ወደ አጫዋቾች እጅ ደረሰ፤ የለንደን ልጆችም ሳምፕለር በሚባለው መሣሪያ ቀድተው፥ አፍጥነው፥ ምቱን አንድ ባንድ ቈራርጠው እንደ ገና ሰፉት።

ልጆቹን ሌቦች ብዬ ለመዝለፍ አልደፍርም። አብዛኞቹ በመኝታ ክፍላቸው የሚሠሩ ድኾች ነበሩ፤ ከሰባት ሴኮንድ ያወጡትም ነገር ኮልማን ራሱ ያላሰበው ነው። ሆኖም ጥበብ ዕዳን አይሰርዝም። የሸክላው መብት ባለቤት የነበረው የጓዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከዚህ ሁሉ ሽያጭ ሳንቲም አልደረሰውም፤ ነገሩን ባወቀ ጊዜም በአሜሪካ ሕግ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ አልፎ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ ሸክላ አጫዋች በኢንተርኔት ገንዘብ እንዲዋጣ ጠይቆ፥ 24,000 ፓውንድ ያህል ተሰብስቦ ተሰጠው። ስፔንሰር በ2020 ዓ.ም. ዐረፈ።

ኮልማን ግን መዋጮው ከመደረጉ 9 ዓመት አስቀድሞ፥ በ2006 ዓ.ም.፥ በአትላንታ ከተማ መኖሪያ ቤት እንኳ ሳይኖረው ሞቷል። ከበሮው በስንት ዘፈን ውስጥ እንደሚመታ ስለ ማወቁ የተገኘ ማስረጃ የለም።

ስብስቡን የምታገኙ አድማጮች፥ ከርሱ አስቀድማችሁ የ1969ኙን ሸክላ ጀርባ ብትሰሙ እወዳለሁ። ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሲሆን መለከቶቹ ዝም ይላሉ፤ ኮልማን ብቻውን ይቀራል።