ስለ ጉልቻና ስለ ሚቴን



ከደብረ ማርቆስ ከተማ ጥቂት ወጣ ያለ ሰው በየገበሬው ደጅ የተከመረ ኩበት ያያል። ኩበቱ ሲነድ ለማሳው ሊሆን የሚገባው ፍግ አብሮ ይነዳል፤ ጢሱም የባልቴቲቱን ዐይን ያስለቅሳል። ገበሬውን ብትጠይቁት «እበት ወይ ለምድጃ ነው፣ ወይ ለማሳ ነው» ይላችኋል። ለሁለቱም ሊሆን እንደሚችል ግን አንዲት በዐይን የማትታይ ቅርጽ ታስረዳናለች።

ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠሩ ነገሮች ሃይድሮካርቦን ይባላሉ። በፋኖስ የሚነደው ላምባ የእነዚሁ ድብልቅ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ሚቴን ሲሆን፣ አንድ የካርቦን አቶምና አራት የሃይድሮጂን አቶሞች አሉት። የአራቱን አቀማመጥ የሚገልጸውን አሳብ የሆላንዱ ቫንት ሆፍና የፈረንሳዩ ለ ቤል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ሳይመካከሩ አቀረቡ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ማድቤት እንግባ። ሦስቱ ጉልቻዎች ሦስት ሃይድሮጂኖች ይሁኑ፤ አራተኛው እንደ ድስት ከመካከላቸው በላይ ይቀመጥ፤ ካርቦኑም ከአራቱ እኩል ርቆ በመሐል ይሁን። ከካርቦኑ ተነሥተው ወደ ማናቸውም ሁለት ሃይድሮጂኖች የሚሄዱት መሥመሮች የ109.5 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራሉ። ከአራቱ የፈለግነውን ወደ ላይ ብናዞር የቀሩት ሦስቱ ጉልቻ ይሆናሉ፤ መልኩም ከቀድሞው አይለይም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው የአባቶች ተረት ለሚቴን ቃል በቃል ይሠራል።

ይህ እኩልነት ፍሬ አለው። የኤሌክትሪክ ኀይሉ በአራቱም በኩል ስለሚካካስ ሚቴን ወደ አንድ ወገን አያጋድልም። ውሃ ግን ያጋደለ ስለ ሆነ፣ አጥብቆ የሚይዘው እንደ ራሱ ያጋደለውን ነው። ስለዚህ ሚቴን በውሃ እምብዛም ሳይሟሟ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ጣሊያናዊው ቮልታ በ1776 ከረግረግ የሰበሰበው ይህንኑ አረፋ ነበር።

አሞኒያ ግን ሌላ ነው። በአንድ ናይትሮጂን ዙሪያ ሦስት ሃይድሮጂኖች ብቻ አሉ፤ ጉልቻው ተተክሎ ድስቱ እንደ ጠፋ ማለት ነው። ሚዛኑ ስላጋደለ ውሃ አይለቀውም።

እንግዲህ እበቱን በውሃ በጥብጠን አየር በማይገባበት ጉድጓድ ብንዘጋው፣ ጥቃቅን ነፍሳት ያብላሉታል። ሚቴኑ ከሌሎች ጋዞች ጋር ወደ ላይ ወጥቶ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ሰብልን የሚመግበው ናይትሮጂን ግን አብዛኛው በፈሳሹ ውስጥ ቀርቶ ለማሳው ይደርሳል። የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሲጀመር አማራ ክልልም ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። እርግጥ በደጋው ብርድ ማብላላቱ ይዘገያል፤ ሥራውም ከብትና ውሃ በቅርብ መኖራቸውን ይሻል።

በየጽሕፈት ቤቱ የምትውሉ ወንድሞችና እኅቶች፤ ገበሬው «አንድ እበት እንዴት ሁለት ጊዜ ያገለግላል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ «ታዘናል» ብላችሁ አትለፉት። ምክንያቱን ሳያውቅ ያስቆፈረው ጉድጓድ አንድ ቀን ቢታወክ ትቶት ወደ ኩበቱ ይመለሳል። ከጉልቻው አጠገብ ተቀምጣችሁ አስረዱት፤ ምሳሌው ከቤቱ አለና ይገባዋል።