ከበራቸው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው



አዘጋጆቹ “ስለ ቴክኖሎጂና ሕክምና አሥር ደቂቃ ተናገሪ” ሲሉኝ ስለ ሮቦት ቀዶ ሕክምና የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ የማወራችሁ ስለ እግረኛ መንገድ ነው። አትሳቁ።

እንደምታውቁት የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከስትሮክ የሚያገግሙ ሰዎች ጋር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰባን የተሻገሩ ያገራችን ሰው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው መጡ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ከሳምንታት ፊዚዮቴራፒ በኋላ በዎከር ኮሪደሩን ደርሰው ሲመለሱ ዋርዱ በሙሉ አጨበጨበ። ቻርታቸው ላይ “በዎከር ራሳቸውን ችለው ይራመዳሉ” ብዬ ጽፌ ሸኘኋቸው።

በአራተኛው ወር ለክትትል ሲመጡ እግራቸው ከወጡበት ቀን ይልቅ ደክሟል። ተቆጣሁ። “ጋሼ፣ እንቅስቃሴውን ተዉት እንዴ?”

“የት ልሂድ ልጄ? ማዕዘኑ ላይ ስደርስ ዎከሩ አልወርድ ይላል፤ ብወርድም ማዶ መውጫ የለኝም።”

የዚያን ቀን ማታ በሰፈራቸው በኩል አለፍኩ። ከበራቸው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የመንገዱ ጠርዝ ከፍታ ደግሞ አንድ ስንዝር አይሆንም። ራሳቸውን ችለዋል ብዬ የፈረምኩት ኮሪደር ላይ አይቼ ነው፤ ኮሪደር ደግሞ ጠርዝ የለውም።

ይህን ለእህቴ ልጅ ሳወራላት (ኮምፒዩተር ሳይንስ ትማራለች) ፕሮጀክት ሳይድዎክን አሳየችኝ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ፍሮሊክ ከተማሪዎቹ ጋር የሠራው ነው። ዩኒቨርሲቲው ያለው ሲያትል ነው፣ መሣሪያው መጀመሪያ የተሞከረው ግን እኛው ዲሲ! ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በጉግል የመንገድ ፎቶዎች ላይ ከተማዋን ይዞራል። ለዊልቸር ዝቅ ያለ ማዕዘን ሲያይ ምልክት ያደርጋል፤ ዝቅ ያላለውን፣ መንገድ የዘጋ ምሰሶ፣ የተሰነጠቀ ንጣፍ ሲያይም እንዲሁ። የችግሩን ክብደት በቁጥር ይመዝናል፣ እኛ ለኮማ ነጥብ እንደምንሰጠው ማለት ነው። በ18 ወር ውስጥ 797 ሰዎች 205,385 ምልክት አደረጉ፣ 2,941 ማይል መንገድ አዩ። ተመራማሪዎቹ በዊልቸር የሚሄዱትን፣ አስታማሚዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችንም አነጋግረዋል።

ጉድለት አለው። ፎቶው ይቆያል፣ መንገዱ ይለወጣል፤ ምልክት አድራጊውም ይሳሳታል። የመንገድ ፎቶ የሌለው ሰፈር ደግሞ ጨርሶ አይታይም።

የፍሮሊክ ቡድን ለሕፃናትም ሜከርዌር የሚባል ነገር ሠርቷል። ልጆቹ ኮድ ሳይጽፉ ልብሳቸው ላይ ትንንሽ ቁራጮች በማግኔት ይገጥማሉ፤ አንዱ እንቅስቃሴ ያውቃል፣ ሌላው መብራት ያበራል፤ እንዲህ እያሉ የኮምፒዩተር አሠራርን ይማራሉ። ሁለቱን ሥራዎች አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው ሁለቱም ባለሙያ እስኪመጣ አይጠብቁም። መንገዱንም የሚመዘግበው ትንሽ ልምምድ የተሰጠው ተራ ሰው ነው። እኛ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ የታካሚን ቤተሰብ እንኳ ከዋርድ የምናስወጣው ራውንድ ሲጀመር ነው።

አሁን ሰው ከመሸኘቴ በፊት ቤተሰቡ ከበር እስከ ማቆሚያ ያለውን በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲያመጣ እጠይቃለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷም ጠርዝ መውጣትና መውረድን ታለማምዳለች። ጋሼም ተለማመዱ፤ አሁን የልጅ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ማዶ ያሻግራቸዋል። ማዕዘኑ እስክመጣ ድረስ እንደነበረ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እዚሁ ግቢያችን ከዋናው በር እስከ ድንገተኛ ክፍል ስሄድ ቆጠርኩ፦ ሦስት ጠርዝ፣ አንድ ክዳኑ የጠፋ ቦይ። ተማሪ ሳለን ስንዘለው የነበረው ቦይ ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ሁለት ተማሪዎች አብረውን ሊመዘግቡ ተስማምተዋል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዋናው በር ላይ እንገናኝ፤ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ጉልበቱን የሚያመው ካለ በተለይ ይምጣ።