የሠራተኞች የከዋክብት ቤት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ሥነ ፈለክ በተነሣ ጊዜ በብዙ ሰው አእምሮ የሚሣለው ትልቅ ጉልላት፣ ውድ መሣሪያ፣ ከሕዝብ ርቆ በተራራ ላይ የሚሠራ ሊቅ ነው። ተራው ሰው በዚህ ሥዕል ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቢበዛ ሊቁ ያገኘውን በጋዜጣ የሚያነብ እንግዳ ነው። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ከሚመሰክሩት አንዱ፣ በአሜሪካ በቬርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ትንሽ የፋብሪካ ከተማ አጠገብ በኮረብታ ላይ የቆመው የከዋክብት መመልከቻ ነው። ስሙ ስቴላፌን ይባላል፤ ከላቲን ቃላት የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜውም የከዋክብት መቅደስ ማለት ነው።

የስፕሪንግፊልድ ኑሮ የተመሠረተው ቶርኖና የመሳሰሉትን የብረት ሥራ ማሽኖች በመሥራት ላይ ነበር። ከፋብሪካዎቹ የአንዱ መሪ የነበሩትና ኋላም እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1923 የቬርሞንት አገረ ገዥ የሆኑት ጄምስ ሃርትነስ ራሳቸው የከዋክብት ወዳጅ ነበሩ። እሳቸውም በ1919 የከተማዪቱን ተወላጅ ራስል ፖርተርን ወደ ፋብሪካቸው አመጡ። ፖርተር የሥነ ሕንፃ ትምህርት የተማሩ፣ ሥዕል የሚሥሉ፣ ወደ ሰሜን ዋልታ በተደረጉ ጉዞዎች ደጋግመው የተካፈሉ ሰው ነበሩ። በ1920 ቴሌስኮፕ የመሥራት ትምህርት እንደሚሰጡ ባስታወቁ ጊዜ 15 ወንዶችና አንዲት ሴት ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹም የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የሥራው ጠባይ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ ጥሩ ቴሌስኮፕ ከሠራተኛው ኪስ በላይ ነበር፤ የቴሌስኮፕ ልብ የሆነው መስተዋት ግን በትዕግሥት በእጅ ሊሠራ ይችላል። ሁለት ክብ ወፍራም መስተዋቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርገው በመካከላቸው ውኃና ካርቦረንደም የተባለው ሸካራ ዱቄት ይጨመራል። የላይኛው ወዲያና ወዲህ ሲገፋ መካከሉ፣ የታችኛው ደግሞ ዳርና ዳሩ ይበላል፤ ስለዚህ የላይኛው ቀስ በቀስ እንደ ጻሕል ይጎደጉዳል። ዱቄቱ በየደረጃው እየደቀቀ ከሄደ በኋላ ተራው የመወልወል ይሆናል፤ ለዚህም ዝፍትና ቀይ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ያገለግላሉ። በመጨረሻም ገጹ ብርሃን እንዲመልስ በብር ይለበጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገጹ ከታቀደው ቅርጽ ከሚሊሜትር አንድ አሥር ሺሕኛ ያህል እንኳ ቢዛነፍ ምስሉ ይበላሻል። ይህን የሚያህል ጥቃቅን ስሕተት በምን ይለካል? ሌዮን ፉኮ የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዘመን ያገኘው ፈተና አንድ መብራት፣ አንዲት ቀዳዳና አንድ ምላጭ ብቻ ይጠይቃል። ከመስተዋቱ የሚመለሰው ብርሃን በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ምላጩ ሲገባ፣ በገጹ ላይ ያለው እብጠትና ጉድጓድ እንደ ተራራና እንደ ሸለቆ ጥላ ሆኖ ለዓይን ይገለጣል። ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር የኖረው የቶርኖ ሠራተኛ፣ ማታ በዚህ ፈተና ፊት ሲቀመጥ እጁ የለመደው ጥንቃቄ ወደ ሰማይ የሚያወጣ መሰላል መሆኑን ተረዳ።

ሠራተኞቹ በ1923 ማኅበር መሠረቱ፤ በኮረብታውም ላይ የጋራ ቤታቸውን ሠሩ። በ1925 አልበርት ኢንጋልስ የተባሉ ጋዜጠኛ ጎብኝተዋቸው ሥራቸውን በአንድ የታወቀ የሳይንስ መጽሔት ቢያስነብቡ፣ ከልዩ ልዩ ቦታ እንዴት ልሥራ የሚሉ ጠያቂዎች በዙ። የመጀመሪያው ጉባኤ በ1926 ተደረገ፤ ይኸው ጉባኤም ሰው በእጁ የሠራውን ይዞ የሚመጣበት ዓመታዊ በዓል ሆነ። በ1930 ደግሞ ተመልካቹ ከብርዱ ተጠልሎ በቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያይበት ቴሌስኮፕ ተፈጸመ። ፖርተር ግን ከ1928 ጀምሮ ወደ ካሊፎርኒያ ተጠርተው ባለ200 ኢንች መስተዋት በሆነው በፓሎማር ቴሌስኮፕ ዕቅድ ላይ ተካፍለዋል። ሠራተኞችን ያስተማረው እጅ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ለሚበልጠው መሣሪያ ተፈለገ ማለት ነው። ቦታው በ1989 በአገሪቱ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ወደ እንዲህ ያለው ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ ማዘኑ አይቀርም። በመጽሔት ያየው ባለ ብዙ ቀለም ምስል ነው፤ በመነጽሩ የሚያገኘው ግን ደብዛዛ ግራጫ ጭጋግ ነው። ፎቶግራፉ ብርሃንን ለረጅም ሰዓት ያጠራቅማል፤ ዓይን ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጨለማን ለመልመድ እንኳ እስከ ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል። እንግዳ ተቀባዩ ይህን አስቀድሞ በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። ያልታየውን እንደታየ አድርጎ ማስጎብኘት እንግዳውን ለአንድ ማታ ያስደስተው ይሆናል፤ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ግን ሁለተኛ አይመለስም።

ይህ ጉዳይ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን ያሰላ፣ በዓላቱንና አጽዋማቱን በጨረቃና በፀሐይ ዑደት የመደበ ሕዝብ ለሰማይ እንግዳ ሊሆን አይችልም። በእንጦጦ ተራራ ላይም፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሥፍራ፣ የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በ2019 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንዲት ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው፣ አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ጭፍራ ውስጥ የሚገኘው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷም አቦል ተባሉ።

ቡና ያለ መሣሪያ አይታይም፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን፣ ሰማዩ በሚጠራበት በታኅሣሥ ማታ፣ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይገኛል። አቦልን ግን በእንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ማንም አያያትም፤ መኖሯ የታወቀው በስበቷ ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ስታወዛውዘው፣ ያ እንቅስቃሴ ከብርሃኑ ተለክቶ ነው። ይህን የሰማ ልጅ የሚያየው ያችኑ ነጥብ ነው፤ ነገር ግን ነጥቧ ከእንግዲህ ባዶ አይደለችም።

ሆኖም ከተሞች ባደጉ ቁጥር ወደ ላይ የሚረጨው የመንገድ መብራት ደካሞቹን ከዋክብት ይሰውራል። መብራቱን ክዳን አልብሶ ወደ መሬት ማውረድ ለመሐንዲሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ለእግረኛውም የተሻለ ብርሃን ይሰጠዋል። እንዲሁም ሁለት ክብ መስተዋት፣ ጥቂት ዱቄትና የአንድ ክረምት ትዕግሥት በየትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክፍል ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። የስፕሪንግፊልድ ሠራተኞች ሊቅ እስኪመጣላቸው ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ መስተዋቱን ሞረዱ፣ ቤቱን ሠሩ፣ በሩንም ለጎረቤት ከፈቱ። ሙያ ላላቸው ወገኖች የቀረው ጥያቄ፣ ቡና ተብሎ የተሰየመውን ኮከብ ለባለ አገሩ ልጅ የሚያሳየው ማን ነው የሚለው ነው።