የቀይ ቀበሮ ዕጣና የእረኛው ውሻ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የእንስሳት ሐኪም ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው የገበሬው በሬ፣ የአርብቶ አደሩ ግመልና የከተማው የወተት ላም ነው። የዱር አራዊት ጉዳይ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ብሎ መተው የቆየ ልማድ ሆኗል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በአንድ ወቅት በመቶዎች ይቈጠር የነበረው መንጋው በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲመናመን ያደረገው የአዳኝ ጥይት አልነበረም፤ ከእረኛው ውሻ የተላለፈ በሽታ ነበር። መድኃኒቱም የሚገኘው በዚህ ጉባኤ ላይ በተቀመጡት ባለሙያዎች ሣጥን ውስጥ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።

ስለ ስሙ ጥቂት ማለት አይከፋም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤዱዋርድ ሩፔል በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ከሰሜን ተራሮች ባገኘው ናሙና መሠረት ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቀው ወዲህ እንስሳው «የሰሜን ቀበሮ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። በ1994 የታተመ የዘር ምርመራ ግን የቅርብ ዘመዶቹ የሰሜኑ የዓለም ክፍል ተኩላዎች መሆናቸውን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ በውጭ ቋንቋ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለው ስም ጸና። በአማርኛ ግን ተኩላ የሚለው ቃል ለሌላው፣ ማለትም ዥንጕርጕር ቀለም ላለው የቈላ የዱር ውሻ ጭምር ሲያገለግል የኖረ ስለሆነ፣ ሕዝቡ ያወጣለትን ቀይ ቀበሮ የሚለውን ስም መያዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል። የባሌ ኦሮሞዎች ደግሞ «ጀዳላ ፋርዳ» ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ይህም ስም ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም፤ ለመውለድ የተቃረበችን ባዝራ ወይም ላም ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ሲበላ እረኞች ስለሚያዩት ነው። አንድ አርቢ ሕዝብ አንድን አውሬ ምን ያህል ቀርቦ እንደተመለከተው ከዚህ ስም መረዳት ይቻላል።

አካሉ የመካከለኛ ውሻ ያህል ነው፤ ወንዱ ከ14 እስከ 19፣ ሴቷ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው ቀጭንና ሹል ነው። የዚህ አፍንጫ ቅርጽ ኑሮውን ይገልጻል፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ከጉድጓድ በሚወጡ አይጦችና ፍልፈሎች ነውና። በባሌ ተራሮች ከሚበላው ውስጥ እጅግ የሚበዛው የአይጥ ወገን ነው። ከዚህም ውስጥ በባሌ እንጂ በሌላ ስፍራ የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ዋናው ሲሆን፣ አንዱ ብቻውን አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል። አውሬው ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ በደረቱ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ፍልፈሉ ብቅ ሲል ይዘላል። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ተመልክተውታል። በ2015 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከጭላዳዎች ጋር ሲሆን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ያህል ሲሳኩለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት ከአራት አንዱ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም እንደ ውሻ ሲያዩ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይነካም።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው በ2024 የተገለጸው ነው። ሥጋ በል የሆነው ይህ አውሬ በባሌ ተራሮች ላይ በደጋው መስክ የሚበቅለውን፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ እንደ ችቦ የሚቆመውን አበባ እየዞረ ማሩን ሲልስ ታየ። አፍንጫው በአበባ ብናኝ ተሸፍኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሄድ፣ እንደ ንብ ሁሉ አበባውን ያራባ ይሆናል የሚል ግምት ተሰንዝሯል። የእረኞቹ ልጆች ይህንኑ አበባ ለጣፋጭነቱ ይልሱ እንደነበር ግን ከተመራማሪዎቹ በፊት የታወቀ ነገር ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ቀይ ቀበሮ አደኑን ብቻውን ያድን እንጂ ኑሮው በመንጋ ነው። በባሌ አንድ መንጋ በአማካይ ስድስት ያህል ጎልማሶች ይዞ፣ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ያስጠብቃል። ማለዳና ማታ መንጋው ተሰብስቦ እርስ በርሱ ይላላሳል፤ አፍ ለአፍ ገጥሞ ሰላምታ ይሰጣጣል፤ ከዚያም ድንበሩን እየዞረ ይፈትሻል። በመንጋው ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ የምትወልደው የበላይ የሆነችው ሴት ብቻ ስትሆን፣ የቀሩት ግልገል ያሳድጋሉ፤ ከጉሮሯቸው እየመለሱ ያበላሉ። እንግዲህ የእብድ ውሻ በሽታን ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ፣ በለኃጭ የሚተላለፍ ቫይረስ ወደዚህ ዓይነት ቤተሰብ ሲገባ ምን እንደሚከተል ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ የታመመ አባል ቢኖር መንጋው ሁሉ ተጋላጭ ነው።

በሽታው ከየት ይመጣል? ቀይ ቀበሮ በቍጥር እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ቫይረሱን ራሱ ይዞ ለዓመታት ሊያቆየው አይችልም፤ ወይ ይሞታል ወይ ሰንሰለቱ ይቋረጣል። የበሽታው ማደሪያ ውሻው ነው። የባሌ እረኛ ከብቱንና በጉን ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ ውሻ ያሳድጋል። ውሻው አይታሰርም፤ የሚበላውንም በአብዛኛው ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ከብቱ በወራቱ ወደ ደጋው ግጦሽ ሲወጣ ውሻውም አብሮ ይወጣል፤ በዚያም ከቀበሮው ጋር በአንድ ሜዳ ይገናኛል። አንዳንዴም ወንድ ውሻ ከሴት ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ መገኘቱ በዌብ ሸለቆ በ1980ዎቹ መጨረሻ የታወቀ ሲሆን፣ የዘር ምርመራም አረጋግጦታል። በዚህ ረገድ እረኛውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ውሻ የሌለው በረት በጅብ ሌሊት ምን እንደሚደርስበት የሚያውቀው እሱ ነው። «ውሻውን ከደጋ አስወጡ» የሚለው ምክር በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በበረቱ ደጃፍ ላይ ግን የሚቀበለው አይገኝም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባሌ የተነሣው ወረርሽኝ ይህን በግልጽ አሳየ። ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ባልደረቦቹ በቅርብ ይከታተሏቸው ከነበሩት መንጋዎች ጎልማሶች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞቱ ወይም ጠፉ። ከሬሳዎቹ የተወሰደው የአንጎል ናሙናም የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚህ የተነሣ በ1995 የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተቋቋመ፤ በተራሮቹ ዙሪያ የሚገኙትንም ውሾች መከተብ ተጀመረ። ይህ ሥራ ለሰውም ጠቅሟል። ገጠር ላለ ልጅ በውሻ መነከስ ከሩቅ ጤና ጣቢያ ጋር ሲደመር የሞት ፍርድ ሊሆን እንደሚችል ባልደረቦች ያውቁታል።

ነገር ግን ውሻውን መከተብ ብቻውን አልበቃም። ወረርሽኝን ለማገድ ከ100 ውሾች 70ውን መከተብ ያስፈልጋል የሚለው ስሌት የታወቀ ነው። ችግሩ የመንደር ውሻ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው፤ ዘንድሮ ከተከተቡት ብዙዎቹ በሚቀጥለው ዓመት የሉም፤ በምትካቸው ያልተከተቡ ቡችሎች ተተክተዋል፤ ከሩቅ ቆላ አዳዲስ ውሾችም ከከብቱ ጋር ይመጣሉ። በመሆኑም ሥራው ባልዲው ቀዳዳ ሆኖ ውኃ እንደመቅዳት ነው፤ ቢታከቱ ይደርቃል፣ ቢቀጥሉም አይሞላም። በ2003 መገባደጃ በዚሁ በዌብ ሸለቆ በሽታው እንደገና ገባና፣ የሸለቆውን ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህል ገደለ።

በዚህ ጊዜ የተደረገው ውሳኔ በሙያው ታሪክ ውስጥ ሊጠና የሚገባው ነው። ቀበሮውን ራሱን መከተብ ይገባል ወይስ አይገባም? ጥያቄው ቀላል አልነበረም። በ1991 ከሴሬንጌቲ ሜዳ የቈላ የዱር ውሾች ሲጠፉ፣ እነሱን መያዝና መከተብ ያስከተለው ጭንቀት ለበሽታው አጋለጣቸው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ክርክሩን ቢቃወሙትም፣ ጥርጣሬው በአፍሪካ የዱር አራዊትን የመከተብ ሥራ ላይ ለዓመታት እንደ ጥላ ተንጠልጥሎ ኖሯል። የቀረው ቀበሮ በመላው አገሪቱ 500 ያህል በሆነበት ጊዜ በስሕተት ጥቂቶችን መጕዳት ራሱ ከባድ ነገር ነው። በሌላ በኩል እጅን አጣጥፎ መመልከትም ውሳኔ ነው፤ ውጤቱም የሚታይ ነበር።

ሚዛኑን የደፋው ስሌት ነበር። በ2002 የታተመ የሒሳብ ጥናት ከቀበሮዎቹ ከ100 ከ20 እስከ 40 ያህሉ ብቻ ቢከተቡ እንኳ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ማስቀረት እንደሚቻል ገምቶ ነበር። ሁሉን ከሞት ማዳን አይቻልም፤ ዘሩ እንዳይጠፋ ማድረግ ግን ይቻላል። ስለዚህ ቡድኑ የቀበሮውን መንጋዎች ሁሉ ለመከተብ አልሞከረም። በጠባብ መተላለፊያዎች በኩል ወደ አጎራባች ሸለቆዎች ሊያልፍ ለሚችለው በሽታ መንገድ በሆኑት ስፍራዎች ላይ አተኮረ። በጎማ በተለበጠ ወጥመድ እየያዘ፣ ክትባቱን በመርፌ እየሰጠ፣ ምልክት እያደረገ ለቀቀ። በሽታው በዌብ የፈጀውን ፈጀ፤ ወደ ሌሎቹ ዋና ዋና የቀበሮ መኖሪያዎች ግን ሳይስፋፋ በ2004 ቆመ። የዚህ ሥራ ዘገባ በ2006 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ታትሟል። ገበሬ የሰደድ እሳት ሲነሣ ጫካውን ሁሉ አያጠጣም፤ በእሳቱና በቀረው መካከል መሬት ይመነጥራል።

መርፌው ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ መሣሪያ ነው። ሬሳ ሲገኝ፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ፣ ውጤት ሲመጣ፣ ፈቃድ ሲገኝ በሽታው ሳምንታት ቀድሟል። በ2008 እና በ2009፣ እንደገናም በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ተመልሶ መጣ። በዚህ ላይ ዲስተምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ በ2005 እና በ2006 እንዲሁም በ2010 በባሌ ቀበሮዎች ላይ ጕዳት አደረሰ። ይህ ሲሆን ከአውሮፓ የመጣ አንድ ሐሳብ ተነሣ። ስዊዘርላንድ በ1978 በቀበሮዎች ላይ የእብድ ውሻ በሽታን ለመዋጋት ክትባቱን በዶሮ ራስ ውስጥ ደብቃ በየጫካው ጥላ ነበር፤ ከዚህ የተጀመረው ዘዴ ኋላ በምዕራብ አውሮፓ በሽታውን ከቀይ ቀበሮው ዘመድ ላይ አጥፍቶታል። በባሌም ከ2011 ጀምሮ በተደረገው ሙከራ ክትባቱ በተለያየ ምግብ ውስጥ ተደብቆ ተፈተነ። ከተሞከሩት የተሻለው ሆኖ የተገኘው የፍየል ሥጋ ነበር፤ በሌሊት ለመንጋው ሲጣልም የበለጠ ሰመረ። የሙከራው ውጤት በ2016 ከታተመ በኋላ፣ በ2018 በቀይ ቀበሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍ ክትባት ዘመቻ በባሌ ተጀመረ። በዚህ ዘዴ አውሬው አይያዝም፤ አይደነግጥም፤ በበሽታው ከመመታቱ በፊት ይከተባል።

ይህ ሁሉ ውሻውን የመከተብ ሥራ እንዲቀር አያደርገውም። እዚህ ላይ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ድርሻ ጎልቶ ይታያል። በበሬ ወይም በበግ ክትባት ዘመቻ ወደ ደጋ ቀበሌ የሚወጣ ባለሙያ በተመሳሳይ ጉዞ የበረቱን ውሻ ቢከትብ፣ ሁለተኛ ጉዞ አያስፈልገውም። እርግጥ ነው ክትባቱን ቀዝቅዞ ማቆየት አስቸጋሪ ነው፤ መንገድም በሌለበት ስፍራ ሥራው በፈረስ ነው። ደግሞም ገበሬው ውሻውን ይዞ እንዲመጣ የሚያሳምነው የቀበሮው ጉዳይ አይደለም፤ ልጁና ላሙ ናቸው። የታመመ ውሻ የነከሳት ላም ስትሞት ያየ ሰው ስለ ክትባት ስብከት አይፈልግም። የደጋ ሐኪም የሚነግረው ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጠቅላላው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይዟል፤ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ተራሮች በትናንሽ ቡድኖች ተበታትነው ይገኛሉ። ከ3,200 ሜትር በላይ ከሚገኘው መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ታርሶ ገብስ ስለሚዘራበት፣ በአንዱ ተራራና በሌላው መካከል ለአውሬው መሸጋገሪያ መንገድ የለም። በባሌ አንድ ሸለቆ ቢመናመን ከጎረቤቱ ሸለቆ የሚመጡ ሴቶች ቀስ በቀስ ሊሞሉት ይችላሉ። በሰሜኑ ተራሮች ግን ጎረቤት የለም። ከጮቄና ከጉና ተራሮች ቀይ ቀበሮ ጠፍቷል፤ የሚተካውም አልመጣም። በእነዚህ ትናንሽ ስፍራዎች አንድ የታመመ ውሻ ከገበያ ተመልሶ ወደ ደጋ ቢወጣ፣ የሚገኙት መንጋዎች በእጅ ጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ በበረቱ አጠገብ ክትባት ይዞ ሊገኝ የሚችለውም በአቅራቢያው ወረዳ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ነው።